ዓይን የሌላት ወፍ

ጭልፊት ከሥራ ወጥታ ወደ አውቶቡስ ስትሄድ የአሮጌ ሳንቲምና የቴምብር መሸጫው መስኮት ፊት መቆም ልማድ ሆኖባታል። መጀመሪያ ያቆማት ጉጉት ነበር፤ አሁን የሚያቆማት ፍርሃት ነው። ጥርሱን የሚያመው ሰው ምላሱን ከዚያ ጥርስ ማራቅ እንደሚያቅተው፣ እሷም ጠዋት «ዛሬ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው» ብላ ምላ ትወጣና ማታ እግሯ ወስዶ እዚያው መስኮት ላይ ይገትራታል።

ጭልፊት እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ሳንቲም በሚመታበት ፋብሪካ ውስጥ ለቃሚ ናት። ለቃሚ ማለት ማሽኑ እየመታ በቀበቶ የሚልከውን ሳንቲም በመብራት ስር እያየ፣ የተንጋደደውን፣ የተላጠውን፣ ግማሽ ፊቱ የጠፋውን እየለቀመ ወደ ውዳቂ ሣጥን የሚጥል ሠራተኛ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የገባ ሁሉ ተመልሶ ይቀልጣል። ጭልፊት በደህናው ጊዜ ወሬዋን እያወራች፣ ጎረቤቷን እያሳቀች፣ ከዚያ ሁሉ የሚሮጥ ሳንቲም መሀል ብልሹዋን ነጥቃ ስታወጣ ያዩ ጓደኞቿ ናቸው ስሙን ያወጡላት። ያኔ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን በዚያ ስም በጠሯት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

መስኮቱ ውስጥ በቀይ ጨርቅ ላይ አንዲት ሳንቲም ተቀምጣለች። የዘንድሮዋ ሳንቲም ናት፤ በአንድ ገጿ ቁጥር፣ በሌላው ገጿ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ ያለባት፣ በየሰዉ ኪስ የምትንቃጨል ተራ ሳንቲም። የዚህችኛዋ ወፍ ግን ዓይን የላትም። ባለሱቁ ይህን ማንም እንዳይስት ብሎ ነው መሰል ከጎኗ እንደ ትሪ የሰፋ ፎቶግራፍ አቁሞላታል። ዓይኗ መሆን በነበረበት ቦታ ልሙጥ ብረት ብቻ አለ። ከቅርንጫፉ በታች ሦስት ነጥቦች ይታያሉ። ለአላፊ አግዳሚው ጌጥ ናቸው፤ ጭልፊት ግን ሦስት ነጥብ ማለት ሦስተኛው ማሽን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሦስተኛው ማሽን የሚልከውን የምትለቅመው ደግሞ እሷ ናት፤ ሌላ ማንም አይደለም። ከፎቶግራፉ ስር በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ካርድ አለ፦ «ዓይን የሌላት ወፍ። የተገኘችው አንድ ብቻ። 40000።»

አርባ ሺህ። ያቺ ዳቦ እንኳ የማትገዛ ሳንቲም ዓይኗ ስለጠፋ ብቻ የለቃሚዋን የዓመት ደመወዝ ልታክል ነው። ሰው ዓይኑ ሲጠፋ ዋጋው ምን እንደሚሆን ጭልፊት አላሰበችም ማለት አይቻልም።

የመጀመሪያው ቀን አላስችል ብሏት ሱቁ ውስጥ ገብታ ነበር። ባለሱቁ አንገቱ ላይ ማጉያ መነጽር ያንጠለጠለ፣ ወሬ የሚወድ ሽማግሌ ነው። ምን እንደምትሠራ ሲጠይቃት፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ አለችው። እሱም ልብስ ሰፊ ስለ ሳንቲም ምን ታውቃለች ብሎ ሁሉንም ከሥሩ ያስረዳት ጀመር። ሳንቲሙን የሚመታው ብረት ላይ ለወፏ ዓይን የሚሆን የመርፌ ጫፍ የምታክል ጉድጓድ አለች። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ግራሶና የብረት ብናኝ ከገባ፣ ቀጥላ የምትመታዋ ወፍ ዓይን አይወጣላትም። ግራሶው አንዳንዴ ወዲያው ተፈንጥሮ ይወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ተጣብቆ ይውልና ስንቱን ያሳውራል። ይህን ሁሉ ጭልፊት ከእሱ ይልቅ ታውቀው ነበር፤ ግን አፏን ከፍታ ሰማችው። የማታውቀው አንድ ነገር ስለነበር እሱን ጠየቀችው፤ ስህተት ከሆነች ለምን ትወደዳለች?

«የምሸጠው ማምለጧን ነው እህቴ» አላት ሽማግሌው። «እዚያ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ዓይን ሳያያት አለፈች። ያ ዓይን አንዴ ብቻ ከሳተ ሳንቲሟ ሀብት ናት። ሺህ ጊዜ ከሳተ ደግሞ የዳቦ መልስ ናት። ነገ አሥር ሰው አሥር እንደዚህች ዓይነት ይዞብኝ ቢመጣ፣ ከዚህ ካርድ ላይ አንድ ዜሮ እቆርጣለሁ። መቶ ቢመጣ ሁለት እቆርጣለሁ።»

ከዚያም ሳቅ ብሎ፣ ያቺን ወፍ ያሳለፈች ለቃሚ የት እንደምትገኝ ቢያውቅ ኖሮ እጇን ስሞ እንደሚያመሰግናት ነገራት። ጭልፊትም አብራው ሳቀች። እጇን ግን ከኪሷ አላወጣችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግራ ዓይኗ ከታመመ ዓመት አልፎታል። ፊት ለፊት የምታየው ነገር መሀሉ ላይ፣ መስታወት ላይ እንደተነፈሱበት፣ ጉም ይሆንባታል፤ ዳር ዳሩ ደህና ነው። ለማንም አልተናገረችም። ቀኙ አለልኝ፣ አንድ ዓይን ለአንድ ጠረጴዛ ይበቃል ብላ ራሷን አጽናንታ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እናቷም እንዲሁ ከመሀል ጀምሮ ነበር የጨለመባት። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ፣ የገባውን ሰው ሁሉ በእግሩ ኮቴ «ማነህ? ማነሽ?» እያለች ስትጠይቅ ጭልፊት አስታማታለች። ስለዚህ ጉሙን ባየች ቁጥር የምታየው ያንን ግድግዳ ነው።

ፋብሪካው ለቃሚዎቹን በየዓመቱ ዓይናቸውን ያስመረምራል። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ ፊደል ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጭልፊት ስትቀጠር የነበረው ሰሌዳ ነው፤ ማንም ቀይሮት አያውቅም። አምና ተራዋን ስትጠብቅ በደህናው ዓይኗ ከላይ እስከ ታች ሸመደደችው። ነርሷ ቀኝ ዓይኗን ሸፍና በግራው እንድታነብ ስታዛት፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ሌላ ምን ታድርግ? ዓይን የሌለው ለቃሚ ከጠረጴዛው ይነሳል፤ ከጠረጴዛው የተነሳ ደግሞ በዚያ ፋብሪካ ሌላ የሚሰጡት ሥራ የለም። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ኑሮ የሚወድቀው፣ አውቶቡስ ላይ ቲኬት በምትቆርጠው ልጇ ትከሻ ላይ ብቻ ነው። የልጅን ትከሻ መጫን ጭልፊት ከሞት አሳንሳ አታየውም።

የወፏ ወሬ ፋብሪካው ሻይ ክፍል ለመድረስ ብዙ አልቆየም። አንዱ ያመለጠችው በአስማት ነው ሲል፣ ሌላዋ ወፍ ስለሆነች በርራ ነው ስትል፣ ሲሳቅ ዋለ። አለቃቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆዱም ቀልዱም ሰፊ ነው። ሲስቅ ቆየና ስኳሩን እያማሰለ የተናገረው ቃል ግን ጭልፊት ጆሮ ውስጥ ቀርቶ አልወጣም።

«አንድ ከሆነች ትለፍ። ከዚህ ሁሉ ሚሊዮን አንድ የማይስት የለም። ከበዙ ግን ጠረጴዛውን እንጠይቃለን።»

እንግዲህ የሱቁ ካርድ ለጭልፊት የትኩሳት መለኪያ ሆነላት። ዋጋው እንዳለ ከሆነ ያመለጠችው ወፍ አንድ ናት፤ ዋጋው ከወረደ ወፎቹ በየኪሱ ተገኝተዋል፣ ጠረጴዛዋም ይጠየቃል። ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ያቺ ወፍ ትረክስልኝ እያለ ሲመኝ፣ በከተማው ውስጥ ዋጋዋ ሰማይ እንዲነካ የምትጸልየው አንዲት ቤሳ የማታገኝበት ለቃሚ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ማታ መስኮቱ ፊት ቆማ ካርዱን ስታየው አራት ሺህ ይላል።

ክው አለች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ እንደገና አየችው። አራት፣ ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት። ሽማግሌው እንዳለው አንዱን ዜሮ ቆርጦታል። ስለዚህ አሥር መጥተዋል። ገብታ እንዳትጠይቀው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ ብላ ዋሽታዋለች፤ ልብስ ሰፊ በወፍ ዓይን እንዲህ ላብ ሲያጠምቃት ቢያይ አይጠረጥርም? ፊቷን አዙራ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ያን ቀን ማታ ልጇን አንድ ነገር ለመነቻት። በየቀኑ ከተሳፋሪ ከምትቀበለው ውስጥ የዘንድሮዋን ሳንቲም ለይታ እንድታመጣላት፣ በምትኩ እሷ የወረቀት ገንዘብ እንደምትሰጣት። ሐሳቧ አጭር ነበር፤ ያመለጡትን ወፎች ሰው ሳያገኛቸው መልሳ መልቀም። ልጅቷ እናቷን የሰብሳቢዎች አባዜ የያዛት መስሏት ሳቀችባት።

«እማ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ሥራውን እዚያው ይተወዋል» አለቻት። «አንቺ ደግሞ ቤትሽ ድረስ በቦርሳ ታስጭኚዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ጭልፊት ልጇ በሌለችበት ሰዓት የወጥ ቤቱ መስኮት ስር ትቀመጣለች። ግራ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ በቀኟ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ታያለች። መጀመሪያ ቀን ሁለት ዕውር ወፍ አገኘች። የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው። በሚቀጥለው ቀን ብዙ አገኘች። ከዚያ ወዲያ ከሚመጣላት ግማሹ ዕውር ሆነ። ሳንቲሟ ቆርቆሮው ውስጥ ቂው ባለች ቁጥር ልቧ ቀጥ ይላል፤ ቆርቆሮው እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ቂው ማለቱ ቀርቶ ጠብ እያለ ብቻ ይወድቃል፤ ያኛው ይብስባታል። ስንቱን አሳልፌያለሁ? ስንት ወር? ይህ ሁሉ በፊቴ ሲያልፍ እኔ የት ነበርኩ? እህል አልወርድ አላት። ልጇ ምን ሆነሻል ስትላት ጨጓራዬን ነው ትላለች። ቆርቆሮውን ወስዳ ወንዝ ልትጨምረው አስባ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሳንቲም የጠበቀ እጅ ግን እንዴት አድርጎ ሳንቲም ውሃ ውስጥ ይጥላል?

ሥራ ቦታም ባሰባት። ከእንግዲህ አንዲትም አታመልጠኝም ብላ ስለማለች፣ ቀበቶው ላይ ዓይን ያላየችባትን ወፍ ሁሉ እያነሳች ወደ ውዳቂው ትጥላለች። ሣጥኗ ከጎረቤቶቿ ሣጥን ሁሉ በለጠ። አለቃው መጥቶ ሣጥኑን አየ፤ እሷንም አየ።

«ጭልፊት፣ ዛሬ ወፎቹን ልትፈጃቸው ነው እንዴ?» አላት። እየሳቀ ነበር። ቀጥሎ ግን ሣጥኑን አሸክሞ ለድጋሚ ምርመራ ወደ ቢሮ ወሰደው፤ ውጤቱ ሰኞ ይታወቃል አለ። ጭልፊት አለቀልኝ አለች። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ዕውር ሁሉ ሲያዩ፣ ከዚህ በፊት ስንቱ አልፎ ይሆን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ያን ቀን ካርዱ አራት መቶ ይል ነበር።

በማግስቱ የልጅቷ የዕረፍት ቀን ነበር። ጭልፊት ልብስ አጥባ አስጥታ ስትገባ፣ ልጇ ስኳር ስትፈልግ የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ አግኝታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋዋለች። እናት በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ግራ ገብቷት ነበር፤ እነዚህን ለይተሽ የደበቅሻቸው ምን ቢኖርባቸው ነው ብላ ጠየቀቻት። ጭልፊት ከእንግዲህ ወዲያ መሸከም አልቻለችም። የመስኮቱን ወፍ፣ የሽማግሌውን ነገር፣ የአለቃውን ቃል፣ የወረደውን ዋጋ፣ ሁሉንም ቁጭ ብላ ነገረቻት፤ የግራ ዓይኗን ብቻ አስቀረች። እነዚህ እኔ ያሳለፍኳቸው ዕውሮች ናቸው አለቻት።

ልጅቷ አንዷን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘቻት። አስቀመጠቻትና ሌላ አነሳች። ከዚያ ሌላ። አንድ በአንድ እያየች ወደ ጎን መደርደር ጀመረች። እናቷ ፊቷን ፊቷን ታያታለች፤ ፊቷ ደግሞ እየቆየ አመድ እየመሰለ ሄደ።

«እማዬ፣ ዓይን አላቸው።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም።»

ጭልፊት አንዷን ነጠቀቻት። ግራ ዓይኗን ሸፍና በማጉያው አየች። ልሙጥ ነው። «ልሙጥ ነው እኮ፤ አንቺ አላየሽም» አለቻት። ልጅቷ የእናቷን አውራ ጣት ያዘችና ጥፍሯን ወፏ ራስ ላይ አስቀመጠችው። ቀስ አድርጋ ወዲያ ወዲህ ስታደርገው ጥፍሩ አንዲት ፍሬ የመሰለች እብጠት ተሻገረ። እንደገና ተሻገረ። የወፏ ዓይን እዚያው ነበረ።

ሌላ አነሳች። በጥፍሯ ፈለገች፤ አለ። ሌላ። አለ። ጭልፊት ጥፍሯ የሚላትንና ዓይኗ የሚላትን ማስታረቅ አቅቷት ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ የግራ ዓይኗን የሸፈነው መዳፏ ቀስ ብሎ ወረደ። ስታይ የነበረው በቀኙ ነበር። ደህናዬ በምትለው።

«ዋጋውስ?» አለች። «ዋጋው ወርዷል እኮ። አራት መቶ ገብቷል። እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

ልጅቷ አውቶቡሷ በዚያ ሱቅ ፊት ቀኑን ሙሉ እንደሚመላለስ፣ ካርዱንም ተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራበት እንደምታየው፣ ዋጋውም እንዳለ መሆኑን ነገረቻት። ጭልፊት አላመነችም። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ተነስታ ሄደች፤ ልጇም ተከትላት ወጣች።

መስኮቱ ፊት ቆሙ። ጭልፊት ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ፣ አራት፣ ዜሮ፣ ዜሮ አለችና ቆመች። ልጅቷ የእናቷን ጣት ይዛ ወደ ቀኝ ጎተተችው። ጭልፊት ነጭ ወረቀት በምታይበት ቦታ ላይ፣ «ዜሮ» አለች ልጅቷ። ትንሽ ደግሞ ጎተተችው። «ዜሮ።»

የግራ ዓይኗ ሲታመም ጉም ሆኖ ስለመጣ ታውቀው ነበር። ቀኙ ግን ጉም አላሳያትም። ያላየውን ቦታ በአካባቢው ባለው ነገር እየደፈነ፣ ወረቀት ላይ ወረቀት፣ ብረት ላይ ብረት እየለጠፈ፣ አንድም ነገር የጎደለ ሳያስመስል ነበር የሚወስድባት። ሽማግሌው ባለሱቅ አውቋት ብቅ አለና ልብስ ሰፊዋ እንዴት ሰነበትሽ አላት። ሁለተኛዋን ወፍ እስካሁን ይዞ የመጣ የለም፣ ብቻዋን ሳትሆን አትቀርም፣ ዋጋ ልጨምርባት ነው እያለ ደስታውን አካፈላት። ጭልፊት እግዜር ይስጥልኝ አለችው።

ሲመለሱ አንድ ሐሳብ ጭልፊትን እየደጋገመ ይመጣባት ነበር፤ ያመለጠችው ወፍ በእውነት አንድ ናት። አንድ ከሆነች ትለፍ ብሏል አለቃው። ሥራዋ አልተነካም። ሰሌዳውን ደግሞ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ይህን ስታስብ ነፍሷ መለስ አለች፤ መመለሷ ራሱ አስፈራት።

ሰኞ አለቃው በሩ ላይ ጠበቃት። የሣጥኗ ምርመራ አልቆ ኖሯል፤ ከጣለቻቸው ውስጥ አብዛኛዎቹ እንከን የላቸውም። እሷ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ስትመኝ፣ እሱ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ከዚያች ወፍ ወሬ በኋላ የተጠነቀቀችው እሷ ብቻ መሆኗን፣ ከመሳት መጨከን እንደሚሻል፣ አዲስ የሚተከለውን ማሽንም ለእሷ ሊሰጣት እንዳሰበ ነገራት። ጭልፊት ሆነሽ ኑሪልን አላት። ሁሉም ነገር ከተመኘችው በላይ ተስተካክሎላት ቆማለች።

ወደ ጠረጴዛዋ አልሄደችም። ክሊኒክ ገባች።

ነርሷ፣ ተራሽ ገና ነው፣ ምን አመጣሽ አለቻት። ጭልፊት እይኝ አለች። ነርሷም ግራ ዓይኗን ሸፈነችላትና በቀጭኗ ዘንግ የታችኛውን ተራ ጠቆመች። ጭልፊት ፊት ያለው ሰሌዳ ከላይ ፊደል ነው፤ ወደ ታች መሀሉ ንጹሕ ነጭ ነው። ፊደሎቹ ግን በሙሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። አፏን ከፈተች። የመጀመሪያዋን ጠራች። ሁለተኛዋንም ልትጠራ ነበር።

«ሲስተር፣ ይሄንን ሰሌዳ ገልብጪው» አለች። «እኔ በቃሌ ነው የማውቀው።»

ዘንጓ አየር ላይ ቀረች። ነርሷ ቀስ ብላ አስቀመጠቻትና ከፊት ለፊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በትንሽ ባትሪ ሁለቱንም ዓይኗን ረጅም ጊዜ አየች። ቀኙ ገና ጀማሪ ስለሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ከሄደች ሊያቆሙት እንደሚችሉ ነገረቻት። ስለ ግራው ምንም አላለችም። ጭልፊትም ገብቷት አልጠየቀችም። በግድግዳው ማዶ ሦስተኛው ማሽን እየመታ ነበር፤ ማን እየለቀመለት እንደሆነ አታውቅም።

«አምና እኮ በግራው ሁሉንም አንብበሽልኝ ነበር» አለች ነርሷ። «እስከ ታች። አንድም አልሳትሽም።»

«አዎ» አለች ጭልፊት። እንባዋ መጣ። «አንድም አልሳትኩም።»